ልጥቀስ፣ በራሴ አባባል ልጻፍ ወይስ ላጠቃልል? ምንጭን ለኮሌጅ ጽሑፍ ስንጠቀም የሚገጥሙን ምርጫዎች

አሳይንመንት የተሰጠው ተማሪ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «በኤፒኤ ነው በኤምኤልኤ?» ብሎ ነው፤ ሁለቱም ምንጭ የመጥቀሻ ስልቶች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጃችሁ አይደለም፤ መምህሩ ወይም ዲፓርትመንቱ ወስኖታል። በእጃችሁ ያሉት ምርጫዎች ሌሎች ናቸው። የትኛውን ምንጭ ልያዝ? ቃሉን እንዳለ ልውሰድ ወይስ በራሴ አባባል ልጻፍ? ሪፈረንሱን (የምንጮቹን ዝርዝር) በእጅ ልሥራ ወይስ በሶፍትዌር? ጽሑፍን የሚያቆሙትም የሚጥሉትም እነዚህ ናቸው።

ለሁሉም አንድ መለኪያ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ጽሑፋችሁን የሚያነብ ሰው «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ቢላችሁ ምን ማየት ይፈልጋል? ትክክለኛውን ቃል? ጥናቱ የወጣበትን ዓመት? ሰነዱ የተቀመጠበትን መዝገብ? ሳይቴሽን፣ ማለትም ምንጭን መጥቀስ፣ ለዚያ ሰው መንገዱን ማሳየት ነው። ከቅጣት ማምለጫ ብቻ አድርጎ የሚያየው ተማሪ ኮማና ቅንፍ ሲቆጥር ይከርማል። መንገድ ማሳያ መሆኑ የገባው ግን ኮማው ራሱ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ይረዳል።

አንድ ነገር ላስታውስ፦ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ምንጭ?

ምንጮችን በሦስት ደረጃ መክፈል የተለመደ ነው። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ነገሩ ራሱ ነው፦ ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የሕጉ ሰነድ፣ ግጥሙ፣ ተመራማሪው የራሱን ውጤት የጻፈበት አርቲክል። ሁለተኛ ደረጃ ስለዚያ ነገር ሌላ ሰው የጻፈው ትንታኔ ነው። ሦስተኛ ደረጃ ደግሞ እንደ ኢንሳይክሎፒዲያና መማሪያ መጽሐፍ ያለው፣ የሌሎችን ሥራ ሰብስቦ የሚያቀርብ ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ። ደረጃው የሚወሰነው በጥያቄያችሁ ነው። በ1950ዎቹ የታተመ የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ ስለ ሴል ለማወቅ ከፈለጋችሁ ያረጀ ሦስተኛ ደረጃ ምንጭ ነው። ጥያቄያችሁ «በ1950ዎቹ ባዮሎጂ እንዴት ይሰጥ ነበር?» ከሆነ ግን ያው መጽሐፍ አንደኛ ደረጃ ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ ምንጭ ከመፈለጋችሁ በፊት ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ዊኪፒዲያስ? ጀምሩበት፤ ግን እዚያ አትቁሙ። ስለ ርዕሱ አጠቃላይ ሥዕል ይሰጣችኋል፤ ግርጌው ላይ ያሉት ዋቢዎች ደግሞ ወደ ትክክለኛው ምንጭ ይወስዷችኋል። እሱን ራሱን መጥቀስ የማይመከረው ዛሬ ያነበባችሁት ዓረፍተ ነገር ነገ ሊለወጥ ስለሚችልና ማን እንደጻፈው ለማወቅ ስለሚያስቸግር ነው።

በጆርናል አርቲክልና በድረ ገጽ መካከል ስትመርጡ ጆርናሉ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ ከመታተሙ በፊት የዘርፉ ባለሙያዎች ገምግመውታል። ግን ጆርናል ላይ ወጣ ማለት አለቀ ደቀቀ ማለት አይደለም። በ1998 ዘ ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና ጆርናል የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ አርቲክል አትሞ ነበር። ጥናቱ የተመሠረተው በ12 ሕፃናት ላይ ነው። ጆርናሉ በ2010 አርቲክሉን ሙሉ በሙሉ ሰርዞታል። ጽሑፉ ግን ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ መሰረዙን የሚገልጽ ምልክት ተደርጎበት። ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ኮፒ ያገኘ ተማሪ ያንን ምልክት ላያየው ይችላል። ስለዚህ ጽሑፋችሁ የሚደገፍበትን ዋና አርቲክል ሁልጊዜ ከራሱ ከጆርናሉ ገጽ ላይ ክፈቱት።

ለድረ ገጾች ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችንና ባለሙያ የመረጃ አጣሪዎችን የማያውቋቸውን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ አደረጓቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ገጹ ላይ ቆይተው ዲዛይኑንና የተቋሙን ስም አዩ። አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ሌላ ታብ ከፍተው ስለ ድረ ገጹ ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ፈጥነው ትክክለኛ መደምደሚያ ላይ የደረሱት አጣሪዎቹ ናቸው። «ስለ እኛ» የሚለውን ክፍል ደጋግሞ ከማንበብ አዲስ ታብ መክፈት ይሻላል።

ቃል በቃል፣ በራስ አባባል ወይስ ማጠቃለያ?

ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለዚህኛው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪ ምንጩን መረዳቱና አለመረዳቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንያዝ። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 ኔቸር በተባለው ጆርናል ላይ የዲኤንኤን ቅርጽ ይፋ አደረጉ። አርቲክሉ ከገጽ 737 እስከ 738 ብቻ ነው። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ የታወቀ ዓረፍተ ነገር አለ። በእኔ ትርጉም እንዲህ ይላል፦ «ያቀረብነው የተለየ የጥንድ አገጣጠም ለዘረመሉ ቁስ የሚሆን የመቅጃ ስልት ወዲያውኑ እንደሚጠቁም ከዓይናችን አልተሰወረም።»

አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር ለጽሑፋችሁ ፈለጋችሁት እንበል። ምን ታደርጋላችሁ?

የምትጽፉት ስለ ዲኤንኤ መባዛት ለባዮሎጂ ኮርስ ከሆነ ቃል በቃል መጥቀስ አያስፈልጋችሁም። አንባቢያችሁ የሚፈልገው ሐሳቡን ነው፤ በራሳችሁ አባባል ጻፉት። የምትጽፉት ሳይንቲስቶች ትልቅ ግኝትን እንዴት ባለ ቋንቋ እንደሚያቀርቡ ከሆነ ግን ጥቅሱ የግድ ነው። «ከዓይናችን አልተሰወረም» የሚለው ቁጥብ አነጋገር ራሱ የምትመረምሩት ነገር ስለሆነ ነው። በራሳችሁ ቃል ከቀየራችሁት ማስረጃችሁ ጠፋ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ኮርስ፣ ሁለት የተለያየ ትክክለኛ ምርጫ።

ደንቡም ከዚህ ይወጣል። ክርክራችሁ በቃላቱ ላይ ከሆነ ጥቀሱ። በሐሳቡ ላይ ከሆነ በራሳችሁ አባባል ጻፉ። የሥራው አጠቃላይ ፍሬ ነገር ብቻ ካስፈለጋችሁ አጠቃልሉ። የሕግ አንቀጽ፣ የጽንሰ ሐሳብ ብያኔ፣ የግጥም ስንኝና ልትቃወሙት የምትፈልጉት አቋም ብዙ ጊዜ ጥቅስ ይፈልጋሉ። አኃዝ፣ የጥናት ውጤትና የኋላ ታሪክ ቃል በቃል ጥቅስ አይፈልጉም፤ ምንጫቸውን መግለጽ ግን አይቀርም።

በራስ አባባል መጻፍ ግን ከሚመስለው ይከብዳል። ይህን ሙከራ እዩት፦ «ያሳየነው ልዩ የጥንድ አገጣጠም ለዘረመሉ ቁስ የማባዣ ዘዴን ወዲያው እንደሚያመለክት ልብ ሳንል አልቀረንም።» ቃላቱ ተለውጠዋል። አጥንቱ ግን ያው ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ፣ ቅደም ተከተሉ፣ ሁሉም። ብዙ ተማሪዎች ፓራፍሬዝ (በራስ አባባል መጻፍ) የሚሉት ይህንን ነው። አይደለም። ምንጩን ብትጠቅሱም እንኳ ብዙ መምህራን ይህን የሚቆጥሩት እንደ ኮፒ ነው።

ይህኛውስ? «ዋትሰንና ክሪክ (1953) በሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ላይ ያሉት ቤዞች የሚገጥሙት በተወሰነ ጥንድ ብቻ መሆኑን ይገልጻሉ። ስለዚህ የአንዱ ክር ቅደም ተከተል ከታወቀ የሌላውም ይታወቃል። ደራሲዎቹ ይህ አገጣጠም ዲኤንኤ እንዴት እንደሚቀዳ ፍንጭ እንደሚሰጥ ጠቁመዋል።» ይህን ለመጻፍ አርቲክሉን መረዳት ግድ ነው። «የአንዱ ከታወቀ የሌላውም ይታወቃል» የሚለው ነጥብ የመጣው ከዚያው አርቲክል፣ ከሌላ ዓረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አገናኝቷል።

ማጠቃለያው ደግሞ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «ዋትሰንና ክሪክ (1953) ዲኤንኤ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ክሮች እንዳሉት ሐሳብ አቅርበዋል።»

በፓራፍሬዙ ላይ አንድ ግስ ልብ በሉልኝ፤ «ጠቁመዋል» ነው ያልኩት። «አረጋግጠዋል» ብዬ ብጽፍ ስህተት ነው። የዲኤንኤን አባዛዝ በሙከራ ያሳዩት ሜሰልሰንና ስታል የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1958። ምንጫችሁ «ሊሆን ይችላል» ያለውን እናንተ «ነው» ካላችሁ፣ ሳይቴሽኑ የቱንም ያህል ቢያምር ምንጩን አዛብታችኋል። ይህ ከኮማ ስህተት እጅግ የባሰ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ነጥብ የሚቀነሰው ብዙ ጊዜ ለኮማው መሆኑ ነው።

ለሥራው የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከዚያ ዝጉት። ለጓደኛ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉ። ጨርሳችሁ መልሳችሁ ክፈቱና አመሳክሩ። ተከታትለው የተመሳሰሉ ቃላት ካሉ ወይ ቀይሯቸው ወይ በትምህርተ ጥቅስ አስገቧቸው። ዘግታችሁ መጻፍ ካቃታችሁ አንቀጹ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ መፍትሔው ደግሞ እንደገና ማንበብ ብቻ ነው።

ምንጫችሁን ከሌላ ቋንቋ ራሳችሁ ከተረጎማችሁት፣ በኤፒኤ ደንብ ትርጉማችሁ የሚቆጠረው እንደ ፓራፍሬዝ እንጂ እንደ ቀጥታ ጥቅስ አይደለም። ትምህርተ ጥቅስ አይፈልግም፤ ምንጩን መጥቀስ ግን ግድ ነው። እኔ ከላይ ዓረፍተ ነገሩን በጥቅስ ያስቀመጥኩት እናንተ እንድታመሳክሩት ብዬ ነው።

ቦታው ላይ ወይስ መጨረሻ ላይ?

አንዳንዱ ተማሪ መጽሐፎቹን ሁሉ መጨረሻ ገጽ ላይ ይደረድርና በውስጥ ምንም ሳይጠቅስ ያልፋል። አንባቢው የትኛው ሐሳብ ከየትኛው መጽሐፍ እንደመጣ በምን ይወቅ?

ያው የዲኤንኤ አርቲክል እዚህም ላይ ያስተምራል። ደራሲዎቹ መጨረሻ ላይ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የተመራማሪዎቹ የሞሪስ ዊልኪንስ፣ የሮዛሊንድ ፍራንክሊንና የባልደረቦቻቸው ያልታተሙ ውጤቶችና ሐሳቦች አጠቃላይ ይዘትን ማወቃቸው እንዳነሳሳቸው ይገልጻሉ። የትኛው ውጤት፣ ለየትኛው ነጥብ እንደጠቀመ ግን አልተለየም። ፍራንክሊን በ1958 አረፈች። በ1962 የኖቤል ሽልማቱን ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ ተቀበሉ። የእሷ ድርሻ በቂ ዕውቅና አግኝቷል ወይ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። ጥቅል ምስጋናና ነጥብ በነጥብ የተቀመጠ ሳይቴሽን አንድ አይደሉም። የሰው ሐሳብ በገባበት ዓረፍተ ነገር ላይ፣ እዚያው ጥቀሱ። ያልታተመ ነገር፣ የቃል ማብራሪያ፣ የክፍል ውይይትም ቢሆን።

የማይጠቀሰው ማንም የሚያውቀው ነገር ብቻ ነው። ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን መሠራቱ ምንጭ አይፈልግም። ከተጠራጠራችሁ ጥቀሱ፤ የበዛ ሳይቴሽን የሚያስከትለው ቢበዛ የመምህር አስተያየት ነው።

ሌላ ሰው ጠቅሶት ያያችሁትን ሐሳብ ስትፈልጉስ? ዋናውን ፈልጋችሁ ማንበብ ይቀድማል። ካልተገኘ ብቻ «እገሌ፣ እገሌ እንደጠቀሰው» ብላችሁ ያነበባችሁትን ምንጭ አስቀምጡ። ያላነበባችሁትን እንዳነበባችሁ አድርጎ መጻፍ ግን ውሸት ነው።

ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤ፣ ቺካጎ ወይስ ሌላ?

ያንኑ አርቲክል በሦስቱ ስልቶች ብንጠቅሰው በጽሑፉ ውስጥ የሚታየው ይህ ነው። በኤፒኤ፦ (ዋትሰን እና ክሪክ፣ 1953፣ ገጽ 737)። በኤምኤልኤ፦ (ዋትሰን እና ክሪክ 737)። በቺካጎ የግርጌ ማስታወሻ ስልት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ትንሽዬ 1 ቁጥር ብቻ ትታያለች፤ ስሙ፣ ርዕሱ፣ ጆርናሉ፣ ቅጹ፣ ዓመቱና ገጹ ከገጹ ግርጌ ይቀመጣሉ።

ልዩነቱ የፋሽን አይደለም። ኤፒኤ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ስልት ነው፤ በ1929 ጥቂት ገጽ ባለው ጽሑፍ ተጀመረ። በሳይኮሎጂ፣ በትምህርት፣ በነርሲንግና በማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቱ መቼ ወጣ የሚለው ትልቅ ነገር ስለሆነ ዓመቱ ከስሙ አይርቅም። ኤምኤልኤ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነው። እዚያ ልብ ወለዱ የወጣበት ዓመት ሳይሆን ቃሉ ያለበት ገጽ ይፈለጋል። ቺካጎ በ1906 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የወጣ ሲሆን የታሪክ ጸሐፊዎች ይወዱታል። የመዝገብ ቤት ፋይል፣ ቀን ያለው ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅ በቅንፍ ውስጥ አይበቃም፤ ግርጌው ግን ሰፊ ነው፣ ማብራሪያም ይቀበላል። ቺካጎ በስምና በዓመት የሚሠራ ሁለተኛ ስልትም እንዳለው አስታውሱ። «በቺካጎ ጻፉ» ከተባላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ኢንጂነሮች አይትሪፕልኢ በተባለው የኢንጂነሮች ማኅበር ስልት በማዕዘን ቅንፍ ቁጥር ያስገባሉ። የሕክምና ሰዎች ቫንኩቨርን ይጠቀማሉ፤ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች በ1978 ቫንኩቨር ከተማ ላይ ተሰብስበው የጀመሩት ስለሆነ ነው ስሙ። ሁለቱም ንባቡን አያቋርጡም። ሃርቫርድ የሚባለው ደግሞ የስምና የዓመት ስልት ነው፤ ግን አንድ የሚያስተዳድረው አካል የለውም። ስለዚህ የተቋማችሁን ቅጂ ያዙ።

ምርጫው በእርግጥ ለእናንተ ከተተወ የምንጮቻችሁን ዝርዝር እዩ። አብዛኞቹ የጆርናል አርቲክሎችና ሪፖርቶች ከሆኑ ኤፒኤን እመክራለሁ። ደብዳቤ፣ አሮጌ ጋዜጣና የመዝገብ ሰነድ ከበዙ ቺካጎ ከግርጌ ማስታወሻው ጋር ይቀልላችኋል። ልብ ወለድና ግጥም ከሆነ ኤምኤልኤ። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ብቻ አትቀላቅሉ።

እትሙንም እዩ። ኤፒኤ በ2019 ሰባተኛውን እትም አወጣ፤ ኤምኤልኤ በ2021 ዘጠነኛውን፤ ቺካጎ በ2024 አሥራ ስምንተኛውን። ኢንተርኔት ላይ የቆዩ መመሪያዎች ሞልተዋል። የአሳታሚውን ከተማ በኤፒኤ ጻፉ የሚላችሁ መመሪያ ካጋጠማችሁ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ሰባተኛው እትም ትቶታል።

ረጅም ጥቅስ ላይም ይለያያሉ። ኤፒኤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ ከሆነ ያለ ትምህርተ ጥቅስ፣ ገባ ብሎ በራሱ አንቀጽ እንዲቀመጥ ያዛል። ኤምኤልኤ ዝርው ጽሑፍ ከአራት መስመር ሲያልፍ ይላል። ቺካጎ 100 ቃል ገደማ ሲሆን ነው። የሚገርመው የደራሲዎች ብዛት ነው፦ ኤፒኤ በሪፈረንስ ዝርዝሩ እስከ 20 ስም ድረስ ሁሉንም ያስጽፋል፤ ኤምኤልኤ ግን ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ «እና ሌሎች» ይላል።

ስልቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ እሱን ያስቀድማሉ። ሁለተኛው ስም የአባት ስም ከሆነ ግን ማገላበጡ ደራሲውን በአባቱ ስም ያስጠራዋል። መምህራችሁን አማክሩና የተስማማችሁበትን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያዙ።

በእጅ፣ በሶፍትዌር ወይስ በኤአይ?

አምስት ስድስት ምንጭ ላለው አጭር ጽሑፍ በእጅ መሥራት ይሻላል፤ ስልቱን ትለምዱታላችሁ። ከዚያ ካለፈ፣ በተለይ ለቴሲስ፣ ዞቴሮ የተባለውን የሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌር እመርጣለሁ። በ2006 በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። በነፃ የሚሰጠው የፋይል ማስቀመጫ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ግን ፋይሎቹን በራሳችሁ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ሜንዴሊ 2 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ከ2013 ጀምሮ ግን ንብረትነቱ የኤልዘቪየር አሳታሚ ድርጅት ነው። ኤንድኖት በክፍያ ነው፤ ኮሌጃችሁ ከፍሎ ካላቀረበው ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አስፈላጊ አይመስለኝም።

የትኛውንም ብትይዙ፣ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ያስገባችሁትን ነው። ከድረ ገጽ በራሱ የሚስበው መረጃ ብዙ ጊዜ ስሙ ይገለባበጣል፣ ዓመቱ ይጎድላል። አርቲክሉ ዲኦአይ ካለው እሱን አስገቡ፤ በ10 የሚጀምር ቋሚ መለያ ነው፤ ድረ ገጹ አድራሻ ቢቀይር እንኳ ወደ አርቲክሉ ያደርሳል።

ኤአይ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። የከበደ አንቀጽ ያብራራላችሁ፤ ምንጭ ግን አያምጣላችሁ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞች ደራሲ፣ ርዕስ፣ ጆርናልና ገጽ ያሟላ፣ ግን በዓለም ላይ የሌለ ሪፈረንስ ሊፈጥሩ ይችላሉ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በማመልከቻቸው ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ራሳችሁ ያልከፈታችሁትን ምንጭ አትጥቀሱ። ኤአይ ከተጠቀማችሁ ደግሞ የመምህሩን ደንብ ጠይቃችሁ በግልጽ አሳውቁ።

ማስረከቢያው ደርሶ አንድ ሰዓት ብቻ ከቀራችሁ

መጀመሪያ እያንዳንዱን ቀጥታ ጥቅስ ከምንጩ ጋር ቃል በቃል አመሳክሩ፤ ገጹንም እዩ። ከዚያ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ስሞች በሙሉ በሪፈረንስ ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን፣ በዝርዝሩ ያሉትም በሙሉ በጽሑፉ ውስጥ መጠቀሳቸውን አጣሩ። ሦስተኛ፣ «አረጋገጠ»፣ «አሳየ» ያላችሁባቸውን ቦታዎች እየፈለጋችሁ ምንጩ በእርግጥ እንደዚያ ማለቱን ጠይቁ። ኢታሊኩና ኮማው የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ጊዜ ከተረፈ ብቻ።